ማኅተም ስለ ምን ይመሰክራል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ስለሚያዘጋጃቸው የግል ሰነዶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ጉዳይ ወረቀት ነው። ስለ ወረቀት የሚናገር ሰው ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ ፖለቲካ እንደሚናገር ሰው ጭብጨባ እንደማያገኝ እናውቃለን። ሆኖም ባለፈው ስብሰባ «የተማረ ሰው አገሩን ትቶ ሊሄድ ይገባዋልን?» በሚል ርእስ ክርክር በተደረገ ጊዜ፣ መሄድን አጥብቀው ከተቃወሙት ተናጋሪዎች አንዱ ስብሰባው እንዳለቀ በሩ ላይ ጠብቆ «ለመሆኑ የልደት ሠርቲፊኬት ውጭ ጉዳይ አስመትቶ ለማውጣት ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀን። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ከክርክሩ ይልቅ ለብዙዎቻችን የቀረበ መሆኑ ገባን።

ስለዚህ ይሂዱ ወይስ ይቅሩ የሚለውን ዛሬ አንነካውም። አንዱ የትምህርት ዕድል ያገኛል፤ አንዱ ዲቪ ደርሶት ሄዷል፤ አንዷን አባቷ ወይም ባሏ ከውጭ አገር ይጠራታል፤ ሌላዋ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች። የሁሉም መንገድ ግን የሚያልፈው በአንድ በር ነው። በሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚጠይቀውም «አንተ ማን ነህ? ማንነትህስ በምን ይታወቃል?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ወረቀታችን እንዴት እንደሚመልስ፣ መቼም መመለስ እንደሚያቅተው ለመናገር ተነሥተናል።

የወረቀት ጉዳይ ያለበት ሰው በአዲስ አበባ ከተማ መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ ቂርቆስና ወደ ካዛንቺስ ያመራል። ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ ሲሉ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል፤ በዚያው አካባቢ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ። በዙሪያውም ለብዙ ዓመታት የትርጉም ቤቱ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ አንሺውና ጉዳይ አስፈጻሚው ተሰልፈው ኖረዋል። የቀድሞው ራፖር ጸሐፊ በፍርድ ቤት ደጃፍ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ እነዚህም በማኅተም ደጃፍ የተቀመጡ ባለ ሙያዎች ናቸው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከመዝገብ ቤት የወጣ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርራ በያዘችበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቿ ቤት የሚሠራ አንድ ድርጅት ነበራት፤ የድርጅቱ ረጅም ስም ባጭሩ «ኢንቺስ» ይባላል፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር። ጣልያን ሄደ፤ አጭሩ ስም ቀረ፤ ያገራችን ሰው ሁለቱን ቃል አጣብቆ «ካዛንቺስ» አለው። ያን ጊዜ ሰፈሩን «የስም ለውጥ ማስረጃ አምጣ» ያለው አልነበረም። እኛ ግን ስማችን በፈረንጅ ጆሮና በፈረንጅ ፊደል ሲጣመም እንጠየቅበታለን። ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን፤ መጀመሪያ ግን ወረቀታችን ከየት እንደሚመጣ እንይ።

በአገራችን ልማድ «ይህ የማን ልጅ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሰው ነበር። ጎረቤት አለ፤ የክርስትና አባት አለ፤ የእድር ሰብሳቢ አለ፤ አዋላጇም በሕይወት ካለች አለች። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ የተሰጣቸው ስም በቤተ ክርስቲያን ቢጻፍም፣ ያ ስም ብዙ ጊዜ ቤተ ሰቡ ልጁን የሚጠራበት ስም አይደለም። በቤት ዳዊት የሚባለው ልጅ በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ለእኛ ይህ ግልጽ ነው፤ የጥምቀት ምስክር ወረቀቱን የሚያነበው የኤምባሲ ጸሐፊ ግን ሁለት ልጆች ይታዩታል።

መንግሥትም መዝገብ ሳያስብ የቀረ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበትን የክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ይኸው ሕግ በመጨረሻው ላይ በቁጥር 3361 ይህ ክፍል ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ በሥራ ላይ እንዳይውል አዘገየው፤ እስከዚያው ድረስም በምስክሮች ቃል የተጻፈ ማስረጃ እንዲተካው አደረገ። «እስከዚያው ድረስ» የተባለው ጊዜ ንጉሡንም ደርግንም አሳልፎ ሄደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ነው። ከ1952 እስከ 2008 ያለው 56 ዓመት ነው። በአዲሱ አዋጅ ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው።

እንግዲህ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ተማሪዎች መካከል ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ አንድም የለም። የያዝነው የልደት ሠርቲፊኬት በተወለድን ሰሞን ከመዝገብ የተገለበጠ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ካደግን በኋላ፣ ለፓስፖርት ወይም ለሌላ ጉዳይ ባስፈለገን ቀን፣ በወላጅና በምስክሮች ቃል የተጻፈ ነው። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ ምክንያቱም የኋላው ሁሉ የሚቆመው በዚያ በአንድ ቀን ቃል ላይ ነው።

ሰነድ እንዴት እንደሚረጋገጥ እንመልከት። ወረዳው ሠርቲፊኬቱን ይሰጣል። የወረዳውን ፊርማና ማኅተም የበላይ መሥሪያ ቤቱ ያረጋግጣል። የእርሱን ደግሞ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጣል። የውጭ ጉዳይን ማኅተም ኤምባሲው አይቶ የራሱን ይጨምራል። ውክልናና ሌላው የግል ጽሑፍ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሕዝቡ ዛሬም «ውልና ማስረጃ» እያለ በሚጠራው መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ይረጋገጣል፤ ከዚያም ያንኑ መንገድ ይይዛል። ወረቀቱ ጀርባው እስኪሞላ ድረስ ይመታል። ባለ ጉዳዩም የማኅተሙን ብዛት አይቶ «አሁን ጠነከረ» ይላል።

አልጠነከረም! እያንዳንዱ ማኅተም የሚመሰክረው ከእርሱ በፊት ስላለው ማኅተም ብቻ ነው። የውጭ ጉዳዩ ጸሐፊ እናታችሁን አያውቃትም፤ በየትኛው ቀን እንደ ወለደቻችሁም አልነገረችውም። እርሱ የሚያስተያየው ፊርማን ከፊርማ ናሙና ጋር ነው። ስለዚህ ወረዳው ላይ በተሳሳተ ዓመት የተጻፈ ልደት አምስት ማኅተም ቢያርፍበት፣ አምስቱም ማኅተሞች እውነተኛ ሲሆኑ ዓመቱ ግን ስሕተት እንደ ሆነ ይቀራል። እንዲያውም ይብስበታል፤ ለማረም የሚፈልግ ሰው አምስቱንም በር መልሶ ማንኳኳት አለበትና። ከዚህ ንግግር ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህ አይረሳችሁ፤ ማረጋገጥ ማለት ፊርማን ማረጋገጥ ነው፤ እውነቱ መኖር ያለበት በመጀመሪያው ወረቀት ላይ፣ ማንም ተሰልፎ በማያውቅባት በዚያች ትንሽ መስኮት ነው።

በብዙ አገሮች ይህ መንገድ አጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1961 በሄግ ከተማ በተደረገ ስምምነት የገቡ መንግሥታት፣ «አፖስቲል» በሚባል አንድ ማረጋገጫ ብቻ አንዱ የሌላውን ሰነድ ይቀበላሉ። ኢትዮጵያ ከዚህ ስምምነት ውጭ ስለ ቆየች የእኛ ሰው በየኤምባሲው ደጃፍ መቆሙ አልቀረለትም። በበኩላችን መንግሥታችን ወደ ስምምነቱ ቢገባ መልካም ነው እንላለን፤ ግን አፖስቲልም ቢሆን የሚመሰክረው ስለ ፊርማ እንጂ ስለ እናታችሁ አይደለም።

አሁን ወደ ስም እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይናገራል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ፈረንሳዊ ሊቅ ስለ መሯቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ያገራችን ሕዝብ ግን አልተቀበለውም። እኛ የራሳችን ስም፣ የአባታችን ስም፣ የአያታችን ስም አለን፤ በዚህም እንኮራለን። የፈረንጅ ቅጽ ግን አንድ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል፤ በፓስፖርታችንም ላይ በዚያ ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። እንግዲህ አባት ከልጁ ጋር ሲቀርብ የአባትየው «የቤተ ሰብ ስም» የልጁ ቅድመ አያት ስም ነው፤ የልጁ ደግሞ ሌላ ነው። እናቲቱም ባገራችን ደንብ የአባቷን ስም ስለማትለቅ ሦስተኛ ስም ይዛ ትቆማለች። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የቤተ ሰብ ስም! የሚመረምራቸው ሰው በመንገድ የተገናኙ መንገደኞች ቢመስሉት አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ማስረዳት ነው፤ የልጁ ልደት፣ የአባቱ ልደት ወይም ፓስፖርት፣ የጋብቻውም ማስረጃ በአንድነት ሲቀርቡ ስሙ እንደ ደረጃ አንዱ ከአንዱ ሲወርድ ይታያል። አንዱ ከጎደለ ግን ደረጃው ይሰበራል።

በፈረንጅ ፊደል መጻፍ ሌላው ጣጣ ነው። «ፀ»ን አንዱ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጽፋታል፤ «ቀ»ን አንዱ በ«ኪው»፣ አንዱ በ«ኬ»። የአንድ አባት ልጆች የአባታቸውን ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ጽፈው ሲገኙ አይተናል። ከሁሉ የሚብሰው ሁለት ቃል ያለው ስም ነው። ኃይለ ማርያም በአንዱ ወረቀት ተጣብቆ፣ በሌላው ተለያይቶ ይጻፋል፤ ተለያይቶ ሲጻፍ መዝጋቢው «ኃይለ»ን የልጁ ስም፣ «ማርያም»ን የአባቱ ስም አድርጎ ያሰፍረዋል። ልጁም በሰው አገር ሚስተር ማርያም ተብሎ ይኖራል። ይህን ለማስቀረት ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጥንቃቄ ብቻ ይበቃል። የፓስፖርታችሁን አጻጻፍ ያዙ፤ ከቤተ ሰባችሁ ቀድሞ ፓስፖርት ያወጣ ካለም የእርሱን አጻጻፍ ተከተሉ፤ ወደ ትርጉም ቤት ስትሄዱ ፓስፖርቱን አስቀድማችሁ ለተርጓሚው አሳዩት። «እርሱ ያውቅበታል» ብላችሁ አትተዉለት፤ እርሱ የሚያውቀው ቋንቋውን እንጂ የአያታችሁን ስም አይደለም።

ዘመን መቁጠርም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው «ከፈረንጅ ጋር ያለን ልዩነት 8 ዓመት ነው» ይልና በሁሉም ላይ 8 ይደምራል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ 8 ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ኅዳር 10 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ልደቷ ኖቬምበር 19 ቀን 2004 ነው፤ ጥር 10 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደው ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 2005 ነው። የኅዳሯን ልጅ 8 ደምሮ 2005 ያላት ተርጓሚ አንድ ዓመት ሰርቋታል፤ ወይም ጨምሮላታል። ይህ ዓመት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካን የኢሚግሬሽን ሕግ በወላጁ ስም «ልጅ» ተብሎ የሚሄደው ያላገባና 21 ዓመት ያልሞላው ነው። በጳጉሜን የተወለደ ደግሞ የባሰ ዕድል አለው፤ የፈረንጅ ቅጽ 13ኛ ወር አያውቅምና። ጳጉሜን 3 ሴፕቴምበር 8 ነው፤ ከዘመን መለወጫ በፊት ስለሆነም ዓመቱ ገና ያሮጌው ነው።

የወላጆቻችን ልደት ሌላ ምዕራፍ ነው። «ደርግ ሊወድቅ ሁለት ክረምት ሲቀረው» የተባለ ልደት ቀን የለውም። እንዲህ ያለ ሲገጥም ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ አንድ ቀን ይወስን፤ ያንኑም ቀን ለሁልጊዜ ይያዝ። ለአንዱ መሥሪያ ቤት አንድ፣ ለሌላው ሌላ ቀን መስጠት ግን ከባድ ጥርጣሬ ያመጣል። የክትባት ካርድ ያለው ሰው እንደ ወርቅ ይጠብቀው፤ በልደት ሰሞን የተጻፈ ብቸኛው ወረቀት እርሱ ሊሆን ይችላልና።

ስለ ትምህርት ማስረጃ ለእናንተ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሁላችሁም የሪጅስትራርን ደጅ ታውቁታላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ እንበል። አንደኛ፣ የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት ተመራቂ ዕዳውን ሳይጨርስ ዋናውን ዲግሪ አያገኝም፤ ስለዚህ ቪዛው ደርሶ ሳይሆን አስቀድሞ ይታሰብበት። ሁለተኛ፣ ከከፍተኛ ትምህርት የተገኘ ማስረጃ ወደ ውጭ ጉዳይ ከመሄዱ በፊት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል፤ ዘሎ የሄደ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚገልጸው ወረቀት ደግሞ በአሻራ ስለሚሠራና ቶሎ ስለሚያረጅ የመጨረሻው ይሁን።

ወደ ጋብቻ እንለፍ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት፣ በባህል የተፈጸመ። ሦስቱም እኩል የጸኑ ናቸው፤ ሦስቱም ግን መመዝገብ አለባቸው። ሠርጉን ደግሶ ምዝገባውን የተወ ባልና ሚስት ብዙ ነው፤ አንዱ ከሄደ በኋላ ሌላው ብቻውን ምስክር ሲፈልግ ይኖራል። እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር መናገር አለብን። ዲቪ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ የአሜሪካን ሕግ የተቋቋመው ዕጣ፣ በአገራችን የጋብቻ ገበያ ከፍቶ ነበር። ዕጣ የደረሰው ድኻ ከፍሎ የሚሄድበት ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ዕጣ አልደረሰውም፤ ሁለቱ በደላላ ይገናኙና «ባልና ሚስት» ይሆናሉ። ወረዳው ይመዘግባል፤ ማኅተሙም እውነተኛ ነው። ከዚያ በኋላ መርማሪው አንዱን ለብቻ ጠርቶ «የአማትህ ስም ማን ይባላል? ሠርጉ የት ተበላ?» ሲለው ማኅተሙ መልስ አይሰጥለትም። በሐሰት ቪዛ እንደ ጠየቀ የተገኘ ሰው በአሜሪካን ሕግ ለዕድሜ ልኩ ሊከለከል ይችላል፤ ኋላ በእውነት ቢያገባና እውነተኛዋ ሚስቱ ብትጠራው እንኳ ያ ፋይል ይጠብቀዋል። የእኛም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀውን ብቻ ሳይሆን እያወቀ የተገለገለበትንም ይቀጣል።

የተማሩት እንዲህ ሲያደርጉ ምርጫቸው ነው እንበል። ምርጫ ያልነበራቸው ግን አሉ። ከገጠር መጥተው ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ዕድሜያቸው ሳይደርስ በደላላ እጅ ዓመት እንደተጨመረላቸው፣ አንዳንዶቹም በሌላ ሰው ስም እንደሄዱ የታወቀ ነው። የ15 ዓመት ልጅ በወረቀት 23 ስትሆን ደላላው ሥራውን ጨረሰ። እርሷ ግን ደመወዟ ሲከለከል፣ ስትታመም፣ ስትታሰር የምትጠራበት ስም የእርሷ አይደለም። እናቷ ወደ መሥሪያ ቤት ሄዳ «ልጄን ፈልጉልኝ» ብትል የምትጠራው ስም በማንም መዝገብ ላይ የለም። ብትሞትስ? ሬሳዋ በማን ስም ይመጣል? ለቅሶውስ በማን ቤት ይደረጋል? በእኛ አስተያየት ወረቀት የሰው ሕይወት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ሐሰተኛ ሰነድ እየሳቅን የምናወራ ሰዎችም ይህን ማሰብ ይገባናል።

ሰውየው ሐሰት ሳይናገርም ወረቀቱ ሐሰተኛ ሊመስል ይችላል። በካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ አንድ ሰው እናስብ። የልደት ወረቀቱ በደርግ ዘመን ስለ ተጻፈ «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ከነቁጥራቸው ይላል። በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተሞች ከተቋቋሙ በኋላ ያወጣው መታወቂያ «ቂርቆስ ክፍለ ከተማ» ይልና ሌላ የቀበሌ ቁጥር ይጠራል። ኋላም ቀበሌው ወረዳ ሆነና ቁጥሩ እንደገና ተለወጠ። ሰውየው ከተወለደበት ቤት ወጥቶ አንድ ሌሊት አላደረም፤ በወረቀት ግን ሦስት ሰፈር ኖሯል። «ለምን ደበቅህ?» ሲባል የሚመልሰው አያገኝም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች በኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ስለ ልማቱ ክርክር የምንገባበት ቀን ዛሬ አይደለም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያሳስበው ግን ምስክሮቹ መበተናቸው ነው። ከላይ እንዳልነው የእኛ ዘመን ሰው ልደት የተጻፈው በሰው ቃል ነው። ያቺ በአንድ ግቢ አምስት ቤት አብራ የኖረች ጎረቤት፣ እናታችሁ ስታምጥ ውኃ ያፈላች፣ ዛሬ በከተማው ጠርዝ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ጉልበቷም ያማታል። እድሩ ተበትኗል ወይም በስልክ ይሰበሰባል። ቤቱ ቆሞ ቢሆን «እዚህ ተወለደ» ተብሎ ይታይ ነበር፤ አሁን መንገድ ሆኗል። ወደፊት ከቶሮንቶ ወይም ከዋሽንግተን ተጽፎ «የዚህ ሰው እናት ይህች መሆኗን አስረዱ» ቢባል ማን ቀርቦ ያስረዳል?

ስለዚህ ለካዛንቺስና ለቂርቆስ ልጆች የምንለው ይህ ነው። መሸኛችሁን ተቀብላችሁ በአዲሱ ወረዳ ሳትመዘገቡ አትቆዩ፤ በመካከል የቀረ ሰው በሁለቱም በኩል የለም ይባላል። የድሮውን መታወቂያ፣ የቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር «አሮጌ ነው» ብላችሁ አትጣሉ፤ ያቺ የኪራይ ደረሰኝ ሦስቱን የቀበሌ ቁጥር ከአንድ ቤት ጋር የምታያይዝ ብቸኛ ክር ልትሆን ትችላለች። አያቶቻችሁንም ጠይቋቸው፤ የእናታቸውን ሙሉ ስም፣ የተወለዱበትን አገር፣ ጎረቤቶቻቸውን ጻፉ። ፋይዳ የሚባለው የዲጂታል መታወቂያ፣ አዋጁ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. የወጣው፣ አሻራችሁንና ፊታችሁን ይይዛል፤ የአያታችሁን ጎረቤት ግን አይዝላችሁም።

ከመነሣታችን በፊት ስለ ውክልና አንድ ነገር እንጨምር፤ ሄያጅ ይዞት ስለሚሄደው ብቻ ሲያስብ ትቶት የሚሄደውን ይረሳዋልና። «ጠቅላላ ውክልና ለእናቴ ሰጥቻለሁ» ብሎ የሄደ ልጅ እናቱ ቤቱን ልትሸጥ ወይም በፍርድ ቤት ልትከራከርለት ስትሄድ «ይህ አይበቃም» ትባላለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥን፣ ማስያዝን፣ ስጦታ ማድረግን፣ በክስ መከራከርን የመሳሰለውን በልዩ ውክልና እንጂ በጠቅላላ ውክልና አይፈቅድም። እያንዳንዱ ሥልጣን በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። ከሄዱ በኋላ መላክ ይቻላል፤ ግን በዚያ አገር ባለው ኤምባሲያችን ተረጋግጦ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ በኩል አልፎ፣ እንደገና ውልና ማስረጃ መድረስ አለበት። በአንድ ጠዋት እዚህ የሚያልቀው ነገር ከዚያ ሲመጣ ወራት ይፈጃል፤ እናት ደግሞ በየበሩ ትቆማለች።

ማኅበራችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ ሰነዶችን የሚያነቡ አምስት ተማሪዎች መድቧል። ሥራቸው የስሙን አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ማስተያየት፣ የቀኑን አቆጣጠር መመርመር፣ የጎደለውን መንገር ነው፤ ጉዳይ አያስፈጽሙም፤ ገንዘብም አይቀበሉም። የሕግ ተማሪዎች ሁለት ቢጨመሩልን ደስ ይለናል። ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ኑ፤ ዋናውን ግን ለማንም፣ ለእኛም ቢሆን፣ አታስረክቡ፤ አሳይታችሁ መልሳችሁ ያዙ። የጎረቤቶቻችሁን ወረቀት ብታመጡም እናያለን፤ ማንበብ የማይችሉ ከሆነም እነርሱ ራሳቸው ቢመጡ ይሻላል፤ የትውልዳቸውን ነገር ከአፋቸው ብንሰማው ይቀናል።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።